ለችግረኛ የሚሰጠው ርዳታ በምን ይለካል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰሜን ሸዋ ከጣርማ በር ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ደብረ ሲና የምትባል ከተማ ትገኛለች። ስሟ በተጠራ ቍጥር እግዚአብሔር ለሊቀ ነቢያት ለሙሴ ሕጉን የሰጠበትን ተራራ እናስባለን። በዚያ ተራራ ከዐሥርቱ ትእዛዛት ቀጥለው የተሰጡ፣ ሰው ከሰው ጋር በየዕለቱ እንዴት እንዲኖር የሚያስተምሩ ሥርዓቶች አሉ። ከእነርሱም አንዱ የመያዣ ልብስ ሥርዓት ነው። አበዳሪ የድኻውን ልብስ በመያዣ የወሰደ እንደ ሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ታዝዟል (ዘጸ. 22፥26-27)። ምክንያቱም ያ ልብስ ለድኻው ቀን መጐናጸፊያው፣ ሌሊት መኝታው ስለ ሆነና ሌላ ስለሌለው ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ አበዳሪው ምን ያህል ቢመልስ ደግ ሰው እንደሚባል አይናገርም። የሚነሣው ከድኻው ገላ ነው። ይህ ሰው ዛሬ ሌሊት ምን ለብሶ ያድራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ድረስ የአበዳሪው ግዴታ አልተፈጸመም። ልብሱን ከመካከሉ ቀዶ እኩሌታውን ቢሰጠው፣ ወይም ነገ ረፋድ ላይ ቢያመጣለት፣ መለሰ አይባልም፤ ብርዱ የሚመጣው በሌሊት ነውና። የጣርማ በርን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሥርዓት ሌላ ትርጓሜ አይሻም።

መናውም በምድረ በዳ በወረደ ጊዜ ልኩ በየቤቱ ባለው ነፍስ ቍጥር እንዲሆን ታዝዞ ነበር፤ በጎሞር በተሰፈረም ጊዜ ብዙ በሰበሰበው ዘንድ ትርፍ፣ ጥቂት በሰበሰበው ዘንድ ጕድለት አልተገኘም (ዘጸ. 16፥16-18)። ሙሴ ሕጉን በሞዓብ ምድር ዳግመኛ ባስተማረ ጊዜም፣ ለድኻ ወንድምህ እጅህን ዘርጋለት ብሎ ብቻ አላለፈም፤ የሚሰጠው ነገር ላጣው ነገር የሚበቃ እንዲሆን አዘዘ (ዘዳ. 15፥7-8)። እነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው። ይኸውም የርዳታ መለኪያው የተቀባዩ ችግር እንጂ የሰጪው ቸርነት አለመሆኑ ነው።

አባቶቻችን ለሰው የሚያስፈልገውን ሲናገሩ የዕለት ጕርስ፣ የዓመት ልብስ ይሉ ነበር። ንግግሩ አጭር ቢሆንም መለኪያ አለው፤ ጕርሱ በዕለት፣ ልብሱ በዓመት ተቈጥሯል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው፣ በዘመናችን ጡረታ፣ ሴፍቲኔት፣ ማኅበራዊ ዋስትና እየተባለ ለሽማግሌው፣ ለባልቴቲቱ፣ ለአካል ጉዳተኛውና ለጦም አዳሪው የሚሰጠው ርዳታ በዚህ መለኪያ ሲመዘን ይበቃልን? የማይበቃ ከሆነስ የምእመናን ድርሻ ምንድን ነው? የሚለውን ነው።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በአጭር ጕዞ ከገብስና ከባቄላ አገር ወደ ማሽላ፣ ወደ ጤፍና ወደ ማሾ አገር ይገባል። የሮቢ ወንዝ የሚያጠጣውን መስክ ያየ ሰው በዚህ አገር ድኽነት የለም ሊል ይችላል። ነገር ግን በዳገቱ ያለው ገበሬ እርሻው ጠባብ ነው፤ መሬቱም ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ መሬቱ ተንሸራትቶ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱንና ማሳውን አጥቷል። በቆላው ደግሞ ዝናቡ የቀረ እንደ ሆነ ማሽላው ይቀራል። የሰው ማሳ እያረመ፣ የሰው ሽንኵርት እየነቀለ በቀን ሙያ የሚያድር መሬት የሌለው ሰው አለ። በደብረ ሲና አውቶቡስ በቆመ ቍጥር ቆሎ ይዘው ወደ መስኮቱ የሚሮጡ እናቶችና ልጆች አሉ። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነውና መንገዱ ክፍት ሲሆን ይበላሉ፣ በተዘጋ ጊዜ ይራባሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፣ ከዚያም ወዲህ በጸጥታ መታወክ ምክንያት መንገዱ በየጊዜው በተቋረጠ ጊዜ፣ የእነዚህ ሰዎች መሶብ ባዶውን ከርሟል።

መንግሥት ለችግረኛ ምንም አላሰበም ማለት ሐሰት ነው፤ ሐሰትም ከመድረክ ሊነገር አይገባውም። በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209 ከወጣ ጀምሮ፣ አገሩን ያገለገለ ሠራተኛ በእርጅናው ዘመን የልጆቹን እጅ ብቻ እንዳይጠብቅ ሕግ ቆሞለታል። በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችም የዚህ ዋስትና ተካፋይ ሆነዋል። እነዚህ ሕጎች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1267 እና 1268 ተሻሽለው ተተክተዋል። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ ሠራተኛውም 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል።

ለገበሬው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ረኀብ በመጣ ቍጥር ለዓለም መንግሥታት የአስቸኳይ ርዳታ ጥሪ ይቀርብ ነበር፤ እህሉም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነበር። ይህ ፕሮግራም ግን የምግብ እጥረት ዘወትር በሚያጠቃቸው ወረዳዎች፣ ከሰሜን ሸዋም በአንዳንዶቹ፣ ችግረኛውን አስቀድሞ መዝግቦ በየወሩ ሊረዳው ተነሣ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ታቅፎበታል። ጕልበት ያለው እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተክል፣ መንገድ ሲጠርግ ይከፈለዋል፤ ሽማግሌው፣ ሕመምተኛውና አካል ጉዳተኛው ያለ ሥራ ይቀበላል። ይህ ሥርዓት ከክርስቲያናዊ ምክር ጋር የሚስማማ ነው፤ የሚችለውን ያሠራዋል፣ የማይችለውን ይሸከመዋል።

ነገር ግን አንድ ሥራ መልካም መሆኑ በቂ ነው አያሰኘውም። የሴፍቲኔት የቀን ክፍያ በመጀመሪያ 6 ብር እንዲሆን ሲወሰን ሐሳቡ ያ ብር 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ነበር። አንድ ሰው በወር 5 ቀን ቢሠራ 15 ኪሎ ይሆንለታል ማለት ነው። እንግዲህ መለኪያው መልካም መለኪያ ነበር፤ ከሆድ ተነሥቶ ነበርና። ይሁን እንጂ የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ ብሩ በቦታው ቆመ። በ2000 ዓ.ም. ክፍያው 8 ብር፣ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ 10 ብር ቢደረግም ገበያው ቀድሞ ሄዶ ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ ችግረኞች ብሩ ቀርቶ እህሉ ይሰጠን አሉ። ይህ ልመና ትልቅ ትምህርት አለው። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ በወረቀት የተጻፈው ቍጥር ሳይቀነስ ጕርሱ ሊቀነስ እንደሚችል ከማንም ቀድሞ ዐወቀ።

የጡረታውም ነገር እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሕግ እንደ ተደነገገው፣ 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ ከመቶ 30 ነው፤ በዘመኑ ብዛት እየተጨመረ ቢሄድም ከመቶ 70 አያልፍም። ባል በሞተ ጊዜ ለሚስቲቱ የሚተላለፈው የጡረታው እኩሌታ ነው። ስለዚህ ከየ100 ብር ደመወዙ 30 ብር ጡረታ ይቀበል የነበረ ሰው ባልቴት የሚደርሳት 15 ብር ነው። ለልጅ ከመቶ 20 ይታሰባል። ነገር ግን ባል በሞተ ጊዜ የቤት ኪራይ እኩሌታ አይሆንም፤ የዘይቱና የመድኃኒቱም ዋጋ አይቀንስም።

መንግሥት የጡረታውን መጠን በየጊዜው ማሻሻሉ እውነት ነው፤ ገበያው ግን ማሻሻያውን ተቀምጦ አይጠብቅም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ይህን ያደረጉት ሰዎች ለአገሪቱ ኤኮኖሚ ይጠቅማል ያሉበትን ምክንያት እዚህ አንመረምርም፤ ያ የሌሎች ሙያ ነው። የእኛ ነገር ከውጭ የሚመጣው ዘይት፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ በተወደደ ጊዜ፣ ጡረታዋን ባለፈው ዓመት ልክ የምትቀበለው አሮጊት ምን ትሆናለች? የሚለው ነው። ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያውን እያሳነሱ ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉትን ነጋዴዎች ገሥጿል (አሞ. 8፥5)። ዋጋ ሲንር ባለበት የሚቈም ርዳታም ማንም በክፋት ሳያስበው ያው ያነሰ መስፈሪያ ይሆናል። ልዩነቱ አጭበርባሪው ነጋዴ ሰው መሆኑና በስሙ ሊከሰስ መቻሉ ነው፤ እዚህ ግን ከሳሽም ተከሳሽም ሳይታይ ድኻው ብቻ ይጐዳል።

ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም ለገላው የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብቱትን ሰዎች ጥቅማቸው ምንድን ነው ሲል ይጠይቃል (ያዕ. 2፥15-16)። ቅዱስ ያዕቆብ የዘለፈው ባዶ ቃልን ነው። እኛ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ እንጨምራለን፤ የማይበቃ ርዳታም አንዳንድ ጊዜ ከባዶ ቃል ይልቅ ያደክማል። ባዶ ቃል የሰማ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል። ስሙ በመዝገብ የተጻፈውን ሰው ግን ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ደብሩም «እርሱ እኮ ይረዳል» ብለው ይተዉታል። ለሰባት ነፍስ ቤት የአራት ነፍስ ድርሻ በተሰጠ ጊዜ መዝገቡ ተረጂ ይለዋል፤ እናቲቱ ግን ማታ ማታ ከሰባቱ የትኛው ጦሙን ይደር ስትል ትቈርጣለች።

ከዚህም ሌላ በማናቸውም መዝገብ ያልተጻፉ አሉ። ቆሎ ሻጪቱ አሠሪ የላትምና የሚያዋጣላት የለም። በማሳ የሚውለው የቀን ሠራተኛ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ነው። የቤት ሠራተኛዪቱ ዕድሜዋን በሰው ጓዳ ፈጽማ ዐይኗ ሲፈዝ ወደ መጣችበት ገጠር ትላካለች። የከተሞች ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር እንደ ደብረ ሲና ያሉ አነስተኛ ከተሞች ተራቸውን መጠበቅ ነበረባቸው። ከቤታችንም አለ። በገጠር ደብር ኪዳን ሲያደርስ፣ ማኅሌት ሲቆም፣ ሙታን ሲፈታ የኖረ ካህን ጕልበቱ በደከመ ጊዜ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ታገኘው የነበረው ገቢ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከተቋረጠ ወዲህ፣ የብዙ ገጠር አገልጋዮች ኑሮ በራሳቸው ማሳና በምእመናን እጅ ላይ ወድቋል። የ2003ቱ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች ቢፈቅዱ በጡረታው ሊታቀፉ እንደሚችሉ ተናግሮ ነበር። በፈቃድ የሚገባበት ነገር ግን የሚያስተባብርና የአሠሪውን ድርሻ የሚያዋጣ ካልተገኘ እንዲሁ ይቀራል። ስለ ሌላው ድኻ የምታስተምር ደብር የገዛ ዲያቆኗን እርጅና ሳታስብ ልትቀር አይገባትም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ርዳታ ቢበዛ ሰው ይሰንፋል የሚል ነው፤ ለዚህም የቅዱስ ጳውሎስን ቃል ይጠቅሳሉ (2ተሰ. 3፥10)። ነገር ግን ሐዋርያው የተናገረው ሊሠራ ስለማይወድ ሰው ነው፤ መሥራት ስለማይችል ወይም ሥራ ስላጣ አይደለም። ደግሞም ከሚበቃው በታች የተሰጠው ሰው አይተጋም፤ የሚተጋበትን ጕልበት አያገኝምና። ዘሩን በልቶ የከረመ ገበሬ በሐምሌ ምን ይዘራል? ሁለተኛው ተቃውሞ ድኾች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው የተባለውን የጌታን ቃል ይዞ፣ ድኽነት አይጠፋምና መድከም ከንቱ ነው የሚል ነው (ማቴ. 26፥11)። ይህ ነገር በኦሪት አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ እዚያ ግን ድኻ ከምድር ስለማይጠፋ እጅህን መዘርጋት አትተው የሚል ትእዛዝ ተከትሎታል (ዘዳ. 15፥11)። የድኾች መኖር የትእዛዙ ምክንያት እንጂ ከትእዛዙ ማምለጫ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጽሐፍ መንገዱን አሳይቶናል። በኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን፣ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ሰዎች ባልቴቶቻቸው በዕለታዊው ማዕድ እንደ ተዘነጉባቸው አቤት ባሉ ጊዜ፣ ሐዋርያት አቤቱታውን ማጕረምረም ነው ብለው አልናቁትም፤ የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው በዚህ ሥራ ላይ ሾሙ (ሐዋ. 6፥1-6)። ቅዱስ ጳውሎስም ባልቴቶች በመዝገብ እንዲጻፉ ሲያዝዝ 60 ዓመት ያላነሳት ትሁን ብሎ ዕድሜውን ወስኗል፤ ዘመድ ያላትን ዘመዶቿ እንዲረዷት፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ብቻዋን የቀረችውን እንድትረዳ ሥርዓት ሠርቷል (1ጢሞ. 5፥9-16)። በአራተኛው መቶ ዓመትም ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከከተማዋ ውጭ ለድኾች፣ ለሕመምተኞችና ለእንግዶች ትልቅ ማረፊያ ሠርቶ ነበር። መመዝገብ፣ መቍጠር፣ ማከፋፈል ከመንፈሳዊ ሥራ ውጭ የሆነ የጽሕፈት ቤት ነገር ነው የሚል ሰው፣ ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙበትን ሥራ ያስታውስ።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በየደብሩ ሰንበቴ አለ፤ በየመንደሩ ዕድር አለ። ነገር ግን ዕድራችንን እንመርምረው። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ገንዘቡም ያለ ክርክር ይወጣል። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት ስድስት ወር በአልጋ ላይ ሳለ ግን መድኃኒት ይገዛለት ዘንድ ከሣጥኑ ገንዘብ ለማውጣት ደንቡ በብዙ ስፍራ አይፈቅድም። ለሬሳው የተዘረጋው እጅ ለሕመምተኛው እንዳይዘረጋ የከለከለ ሕግ ከሰማይ አልወረደም፤ እኛ የጻፍነው ነውና እኛው ልናሻሽለው እንችላለን።

ስለዚህ በይፋትም ሆነ በሌላ ስፍራ ላሉት አጥቢያዎች ይህን እንመክራለን። በየደብሩ ሰበካ ጉባኤው የሚታመኑ ሰባት ሰዎች ይምረጥ፤ የጓዳን ችግር ሴት ታውቀዋለችና ከሰባቱ እናቶች አይታጡ። እነርሱም ቤት ለቤት ዞረው ማን እንዳለ፣ ስንት ነፍስ እንዳለ፣ ከጡረታም ከሴፍቲኔትም ምን እንደሚገባ፣ የጐደለውም ምን ያህል እንደ ሆነ በኪሎና በብር ይጻፉ። ሊመዘገብ ሲገባው የተዘነጋ ቢገኝ ወደ ቀበሌው ሄደው ይናገሩለት፤ አንደበት የሌለው ሰው ጕዳይ በሰባት ሰው ሲነገር ይሰማል። የጐደለውን ደግሞ ሰንበቴው፣ ዕድሩና ባለጸጋው ተካፍለው ይሙሉ። መዝገቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ከገበያው ዋጋ ጋር ይተያይ። ሠራተኛ የሚያሠራ ምእመን ሠራተኛውን ለጡረታ ያስመዝግብ፤ የቀን ሠራተኛውንም ሙያ ፀሐይ ሳትገባ ይክፈል (ዘዳ. 24፥14-15)።

በዚህም ሥራ ለእኛ ወገን ለእኛ ወገን አይባል። በይፋት ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራና አርጎባ በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ በአንድ ድርቅም ይራባሉ። የኢየሩሳሌሙ አቤቱታ የተነሣው የአንዱ ቋንቋ ባልቴቶች ሲጠገቡ የሌላው በመረሳታቸው ነበር። የእኛም መዝገብ በዚህ በደል እንዳይወቀስ እንጠንቀቅ።

ባለ ሥልጣኖቻችንንም በትሕትና የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያ 6 ብር 3 ኪሎ እህል እንዲሆን የታሰበበት ያ መልካም ሐሳብ በሕግ ይጽና፤ የጡረታውም የሴፍቲኔቱም መጠን በእህል ዋጋ እየተሰላ በታወቀ ጊዜ ይታደስ። ይህን ስንል የመንግሥት ሣጥን ወሰን እንዳለው አንዘነጋም። ነገር ግን ያልተቈጠረ ጕድለት አይሞላም፤ ጕድለቱ በግልጥ ከታወቀ መንግሥት የሚችለውን፣ ቤተ ክርስቲያን የምትችለውን፣ ጎረቤትም የሚችለውን ያነሣል።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ስለ ራብ፣ ስለ ጥም፣ ስለ ዕርቃን፣ ስለ እንግድነት፣ ስለ ሕመምና ስለ እስራት ነው (ማቴ. 25፥31-46)። እነዚህ ሁሉ መጠን ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ የተራበ ሰው ወይ ጠግቧል፣ ወይ አልጠገበም። አምላከ ድኹማን እግዚአብሔር ለሚሰጠው እጅን፣ ለሚቀበለው ክብርን፣ ለአገራችንም ሰላምንና ጥጋብን ይስጥልን፤ የተቋረጠውን መንገድ ይክፈትልን፤ በዝናሙ ጊዜ ዝናሙን፣ በመከሩ ጊዜ መከሩን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።